ለጋራዡ የራሱ መስመር

የቤት ጋራዥ ከስሙ በላይ ብዙ ሥራ ይሠራል። መኪና ያድርበታል፤ ምጣድና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይቀመጥበታል፤ የውኃ ፓምፕ ይተከልበታል፤ በእረፍት ቀን ጣውላ የሚቆረጥበትና ብረት የሚበየድበት እሱ ነው። ፊቱ ወደ መንገድ ከሆነ ደግሞ ሱቅ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ድርሻው ግን ብዙ ጊዜ ቤቱ ሲሠራ የተሰጠው አንድ አምፖልና አንድ ሶኬት ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በኋላ ከሳሎን መስኮት ወይም ከዘበኛ ቤት በኤክስቴንሽን እየተጎተተ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለዓመታት ያለ ችግር ሊቆይ ይችላል፤ ሁለት ትልልቅ ዕቃዎች በአንድ ጊዜ እስኪሠሩ ወይም ወለሉ እስኪረጥብ ድረስ።

ጋራዥን ከመኝታ ቤት የሚለየው ከሁሉ በፊት ይህ ወለል ነው። ሲሚንቶ ደረቅ መስሎ ቢታይም እርጥበት ይይዛል፤ መኪና ሲታጠብ ወይም በክረምት ጎማ ውኃ ይዞ ሲገባ ደግሞ በግልጽ ይርሳል። በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ከመሬት ጋር ተያይዟል ማለት ነው። እጁ ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ወይም ውስጡ የተበላሸ መሰርሰሪያ ቢነካ ኮረንቲው በእሱ በኩል መንገድ ያገኛል። ለጉዳት የሚበቃው መጠን በጣም ትንሽ ነው። በ1 ሚሊ አምፔር ገደማ ንዝረት ይሰማል፤ 10 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ጡንቻ ይኮማተርና እጅ የያዘውን መልቀቅ ይሳነዋል፤ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ለጥቂት ጊዜ ከቆየ የልብ ምት ሊዛባና ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። ባለ 10 ዋት የኤልኢዲ አምፖል የሚወስደው 45 ሚሊ አምፔር ያህል መሆኑን ማሰብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል።

ዝርጋታው በሒሳብ ይጀምራል። በኢትዮጵያ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአንድን ዕቃ ዋት ለ220 ሲያካፍሉት የሚስበው አምፔር ይገኛል። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ስለሚበላ ብቻውን ከ14 እስከ 18 አምፔር ይወስዳል። ትንሽ ግራይንደር 700 ወይም 1,000 ዋት ቢሆን ነው፤ ትልቁ ግን ከ2,000 ያልፋል። የአንድ ፈረስ ጉልበት የውኃ ፓምፕ 750 ዋት ገደማ ይላል፤ ፓምፕም ኮምፕሬሰርም ግን ሲነሱ ለአፍታ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባሉ፤ ብሬከር ያለ ምክንያት የወደቀ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ቅጽበት ነው። ቁም ነገሩ የትኞቹ አብረው ይሠራሉ የሚለው ነው። ምጣዱ በጋለበት ሰዓት ፓምፑ ከተነሳና አንዱ ጥግ ላይ ከበየደ፣ ድምሩ ቆጣሪው ላይ ካለው ዋና ብሬከር አቅም ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ አለ፤ ሥራዎቹን በሰዓት መለያየት፣ አለዚያም ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቶ የቆጣሪውን አቅም ማሳደግ ወይም ወደ ሦስት ፌዝ መቀየር። ዋናውን ብሬከር አውጥቶ በትልቅ መተካት ከሁለቱም አይደለም፤ ሽቦው ያው ከሆነ ይህ እሳት መጋበዝ ነው።

ጥሩው አሠራር ከቤቱ ዋና የብሬከር ሳጥን ለጋራዡ ብቻ አንድ መስመር አውጥቶ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ትንሽ ሳጥን መትከል ነው። ለተራ አገልግሎት ይህ መጋቢ መስመር ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ሆኖ በ32 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል። ከትንሿ ሳጥን ደግሞ መስመሮቹ ይከፋፈላሉ፤ ለመብራት ባለ 1.5 ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ሽቦ ከ16 አምፔር ጋር፣ ለምጣድ ወይም ለመበየጃ ማሽን ለየብቻው ባለ 4 ሽቦ ከ20 ወይም ከ25 አምፔር ጋር። መብራትና ሶኬት በአንድ ብሬከር ሥር መሆን የለባቸውም። ግራይንደሩ ብሬከሩን ሲጥል መብራቱም አብሮ ከጠፋ፣ የሚሠራው ሰው ገና እየዞረ ያለ ዲስክ በእጁ ይዞ በጨለማ ይቆማል።

ጋራዡ ከቤቱ ራቅ ብሎ በር አጠገብ ከሆነ ርቀቱም ይታሰባል። ባለ 2.5 ሽቦ በእያንዳንዱ ሜትርና በእያንዳንዱ አምፔር 18 ሚሊ ቮልት ያህል ያስቀራል። 16 አምፔር 30 ሜትር ቢሄድበት 8.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ይህ ከ220 ቮልቱ 4 በመቶ ገደማ ነው። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚመጣው ራሱ ምሽት ላይ ዝቅ በሚልበት አካባቢ ይህ ተጨማሪ ቅናሽ ሞተርን ለማስነሳት ያስቸግራል፤ በግድ የሚነሳ ሞተር ደግሞ ይግላል። መፍትሔው ወፈር ያለ ሽቦ ነው። በግቢው ሥር የሚያልፈው ገመድ ለመሬት ውስጥ የተሠራ ሆኖ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጠልቆ ይቀበራል፤ ከበላዩ የማስጠንቀቂያ ላስቲክ ቢነጠፍ ከዓመታት በኋላ ለአትክልት የሚቆፍረው ሰው ዶማውን ያቆማል።

ስለ ብሬከር በብዙ ቤት ውስጥ የተሳሳተ እምነት አለ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦን ነው። 16 አምፔር የሚል ብሬከር ከዚያ በላይ ረዘም ላለ ጊዜ ሲያልፍ ወይም ሽቦ ከሽቦ ሲጋጭ ይወድቃል፤ በሰው ላይ ለሚያልፈው አንድ አሥረኛ አምፔር ግን ደንታ የለውም። ኧርዝ ካለ ችግሩ አልቋል ብለው የሚያስቡም አሉ። ይህም ቢሆን በግማሽ ብቻ ነው እውነቱ። ግቢው ውስጥ የተተከለው የመዳብ ዘንግ ከመሬት ጋር ያለው ሬዚስታንስ 20 ኦም ነው እንበል፤ በአገራችን አፈር፣ በተለይ በበጋ፣ ይህ መጥፎ የሚባል ውጤት አይደለም። የልብስ ማጠቢያው ብረት አካል ከፌዝ ጋር ቢገናኝ በዘንጉ በኩል ወደ መሬት የሚሄደው ኮረንቲ ቢበዛ 220 ለ20 ሲካፈል፣ ማለትም 11 አምፔር ነው። የ16 አምፔሩ ብሬከር አይወድቅም። ማሽኑም ኮረንቲ እንደያዘ ይቀመጣል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ባለሙያዎች አርሲዲ የሚሉት መሣሪያ ነው። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ኮረንቲ ያለማቋረጥ ያነጻጽራል፤ ልዩነት ካለ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባት በሰው አካል በኩል፣ ወደ መሬት እየሄደ ነው ማለት ነውና መስመሩን ይቆርጣል። ሰውን ለመጠበቅ የሚመረጠው በ30 ሚሊ አምፔር የሚሠራው ነው፤ በዚህ መጠን ቢዘገይ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ይቆርጣል፤ ልዩነቱ ሲበዛ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። በዩናይትድ ስቴትስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል በዚሁ መርህ የሚሠራ መሣሪያ የፈጠረው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ደንብም ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ጋራዥ ሶኬቶች ይህ ጥበቃ እንዲኖራቸው አስገድዷል። በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በጋራዣቸው ግድግዳ ላይ የሚያዩአቸው ሁለት ትንንሽ ቁልፍ ያላቸው ሶኬቶች እነዚህ ናቸው፤ በ5 ሚሊ አምፔር ገደማ ይቆርጣሉ። እዚህ አገር ግን አርሲዲ ብዙ ጊዜ የሚገባው ባለቤቱ ሲጠይቅ ነው። የጋራዥ በጀት አንድ ተጨማሪ ነገር ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ይህ መሆን አለበት።

አርሲዲም ቢሆን ወሰን አለው። አንድ ሰው በአንድ እጁ ፌዝ በሌላው ኒውትራል ቢይዝ፣ የሄደው ያህል ስለሚመለስ መሣሪያው ልዩነት አያይም። ከመጠን በላይ ጭነትንም አይከላከልም፤ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ የሚሠራ ዓይነት ካልተገዛ በቀር ከብሬከር ጋር ተጣምሮ ነው የሚገባው። ኧርዙንም አያስቀርም። ኧርዝ ካለ የተበላሸው ዕቃ ገና ሰው ሳይነካው አርሲዲው ይቆርጣል፤ ከሌለ ግን የሚቆርጠው ሰው ከነካው በኋላ ነው። በዱሮ ቤቶች እንደሚደረገው ኧርዙን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር ዛሬ የማያስተማምን ነው፤ ቧንቧው ከመሬት በታች በፕላስቲክ ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና። የዘንጉ ልክ የሚታወቀው ሲለካ ነው፤ እውነተኛውም ውጤት የሚገኘው አፈሩ በደረቀበት ወር ነው። በነሐሴ ጭቃ ላይ ሁሉም ኧርዝ ጥሩ ነው።

የሶኬት ቦታ ሲመረጥ ነዳጅም ይታሰባል። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሳባል፤ ጥግ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ቤንዚን በአዲስ አበባ የሌሊት ብርድም ቢሆን በእሳት የሚያያዝ ትነት ይሰጣል። ፕላግ ሲነቀል የሚታየው ብልጭታ ይህን ለመለኮስ አያንስም። ስለዚህ የጋራዥ ሶኬቶች ከወለል አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ብለው ይተከላሉ፤ ይህ ቁመት ከመኪና ማጠቢያ ውኃም፣ ከጎማም፣ ከሕፃን ጣትም ያርቃቸዋል። ቻርጅ የሚደረግ የመኪና ባትሪ በተቃራኒው ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ቀላል ስለሆነ ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስም ሊፈነዳ ይችላል። አንዱ ከታች ሌላው ከላይ የሚከማች በመሆኑ ጋራዡ በበሩ ሥርም በጣሪያው አጠገብም የአየር መግቢያና መውጫ ያስፈልገዋል። የቤንዚን ጄሪካን ግን ምንም ያህል አየር ቢኖር እዚያ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

ሶኬቶቹ ብዙ ቢሆኑ አይጎዳም፤ በሥራ ጠረጴዛው በላይ ሁለት ሦስት፣ በቀሪዎቹ ግድግዳዎች አንድ አንድ ካለ ኤክስቴንሽን አያስፈልግም። ክዳን ያላቸው፣ በሳጥናቸው ላይ አይፒ44 የሚል የተጻፈባቸው ከሚረጭ ውኃ ይጠበቃሉ፤ አቧራ ለበዛበትና ውኃ በቀጥታ ለሚያገኘው ቦታ አይፒ65 ይመረጣል። ከገበያ የሚገዙ ማንኛውንም ፕላግ እንቀበላለን የሚሉ ሶኬቶች ለስልክ ቻርጀር ይሆናሉ፤ ለምጣድና ለግራይንደር ግን ፕላጉን አጥብቀው ስለማይዙ ይግላሉ፣ ፕላስቲካቸውም ይቀልጣል። ፕላግ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ወይም ሶኬቱ ዙሪያ ቢጫና ቡናማ ከታየ፣ ሶኬቱ መቀየር ያለበት ያን ዕለት ነው።

ኤክስቴንሽን መጠቀም ግድ ሲሆን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። እንደተጠቀለለ የሚሠራ ገመድ ሙቀቱን የሚያስተነፍስበት ቦታ ስለሌለው ከመሐል መቅለጥ ይጀምራል፤ ይህ የሚሆነው ብሬከሩ ሳይወድቅ ነው። በናስትሮ የተቀጠለ ገመድ ለእርጥብ ወለል አይሆንም፤ በጎማ ሥር የሚያልፍም እንዲሁ።

ወደ ብርሃኑ ሲመጣ የጋራዥ ትልቁ ስሕተት የመሐል አምፖል ነው። መኪናው ባልገባበት ጊዜ ደህና ያበራል፤ ሲገባ ግን ብርሃኑ ጣራው ላይ ይቀርና በሁለቱም ጎን ጨለማ ይሆናል። ኮፈኑ ሲከፈት ደግሞ ሞተሩ በጥላ ይሸፈናል። መብራቶቹ በመኪናው ጣራ ላይ ሳይሆን በመኪናውና በግድግዳው መካከል ባለው መተላለፊያ በላይ፣ በሁለቱም ጎን በርዝመቱ መሰቀል አለባቸው፤ አንድ ደግሞ ከፊት ለፊት በአግድም ቢጨመር ኮፈኑ ሲከፈት ብርሃኑ ከሞተሩ ላይ ያርፋል። ብዛቱን ለመገመት 3 በ6 ሜትር የሆነ ጋራዥ ይታሰብ፤ ስፋቱ 18 ካሬ ሜትር ነው። ባለ 1.2 ሜትርና ባለ 18 ዋት የኤልኢዲ ቱቦ 1,800 ሉመን ያህል ይሰጣል። አራት ቱቦዎች 7,200 ሉመን ይሆናሉ፤ ግድግዳና አቧራ ግማሹን ቢበሉት እንኳ በካሬ ሜትር 200 ሉመን፣ ማለትም 200 ሉክስ ይቀራል። ይህ መኪና ለማስገባትና ዕቃ ለመፈለግ ከበቂ በላይ፣ ለቀላል ሥራም የሚሆን ነው፤ አራቱ ቱቦዎች አንድ ላይ የሚበሉት ደግሞ 72 ዋት ብቻ ነው። በዱሮው አምፖል ይህን ያህል ብርሃን ለማግኘት ከ500 ዋት በላይ ይጠይቅ ነበር። ጣሪያውንና ግድግዳውን ነጭ ቀለም መቀባት ደግሞ ያለ አንዲት ተጨማሪ ዋት ብርሃን ይጨምራል።

የሥራ ጠረጴዛ 500 ሉክስ ገደማ፣ ማለትም ከአጠቃላዩ ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈልጋል። መብራቱ ከሚሠራው ሰው ፊት፣ ከራሱ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት፤ ከኋላው ከሆነ የሚሠራው በራሱ ጥላ ላይ ነው። የብርሃኑ ቀለም 4,000 ኬልቪን አካባቢ ቢሆን ዓይን አያደክምም፤ የቀለም ማሳያ መለኪያው ከ80 በታች ከሆነ ግን ቡናማና ቀይ ሽቦ ይመሳሰላሉ፣ የመኪና ቀለምም ቀን ሲታይ ሌላ ይሆናል። የዱሮ ባለ ባላስት ፍሎረሰንት በአንድ ሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል። ዓይን ይህን አያስተውልም፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ከዚህ ጋር የተገጣጠመ የመሰርሰሪያ ጫፍ ወይም መጋዝ የቆመ ሊመስል ይችላል። የሚዞር ማሽን ባለበት ጋራዥ እንዲህ ያለውን መብራት ለመቀየር ሌላ ምክንያት አያስፈልግም። ርካሽ ኤልኢዲም ይርገበገባል፤ የስልክ ካሜራ ሲያነጣጥሩበት ጥቁር መስመሮች ከሮጡ ምልክቱ ነው።

ማብሪያ ማጥፊያው በሁለት ቦታ፣ በትልቁ በርና ወደ ቤት በሚያስገባው በር አጠገብ ሊሆን ይገባል፤ በአንዱ የበራው በሌላው እንዲጠፋ። በእንቅስቃሴ የሚበራ መብራት እጁ ዕቃ ለያዘ ሰው ምቹ ነው፤ መኪና ሥር ተኝቶ የሚሠራን ሰው ግን ስለማያይ ይጠፋበታል። ስለዚህ ለመግቢያው ብቻ ይሁን። ለመኪና ሥር የሚሻለው በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ የእጅ መብራት ነው። 220 ቮልት በገመድ ተስቦ፣ ባለ ክር አምፖል በሽቦ ወንፊት ውስጥ ገብቶ ነዳጅ በሚንጠባጠብበት ቦታ መያዝ በብዙ የመንደር ጋራዦች የተለመደ ነው፤ አምፖሉ ሲሰበር ክሩ ነዳጁን ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት አለው።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ከሆነ ወዲህ የጋራዥ ኤሌክትሪክ ሌላ መልክ ይዟል። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ከምጣድ የሚለየው በሚስበው መጠን ብቻ አይደለም። ምጣድ ሲግል ይቆያል፣ ያበቃል፤ ቻርጀር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። ለአንድ ሰዓት የቻለ የላላ ሶኬት በስምንተኛው ሰዓት ይቀልጣል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፔር ሲሠራ 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪን ከባዶ ለመሙላት 27 ሰዓት ይፈጅበታል። በየቀኑ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮችን ለሚነዳ ሰው ይህ ይበቃዋል፤ የሌሊት ቻርጅ የነዳውን ይመልስለታልና። ግድግዳ ላይ የሚተከለው ባለ 32 አምፔር ቻርጀር 7 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚሰጥ ያንኑ ባትሪ በዘጠኝ ሰዓት ይሞላል፤ ነገር ግን ከዋናው ሳጥን ለብቻው የተሳበ ባለ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመርና እንዲያ ያለ ጭነት የሚችል ቆጣሪ ይፈልጋል።

በሁለቱም መንገድ የቻርጀሩ መስመር የሌላ ዕቃ ሶኬት ሊኖረው አይገባም፤ የራሱ አርሲዲም ያስፈልገዋል። የመኪናው መሣሪያ ሲበላሽ ቀጥተኛ ኮረንቲ ሊያፈስ ይችላል፤ ተራው አርሲዲ ደግሞ እንዲህ ባለ ኮረንቲ ይደነዝዛል። ቻርጀሩ በ6 ሚሊ አምፔር ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚያቋርጥ መከላከያ በውስጡ ካለው ታይፕ ኤ የተባለው ይበቃል፤ ከሌለው ታይፕ ቢ መግዛት ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የተንቀሳቃሹ ቻርጀር ሳጥን ከሶኬቱ ላይ ተንጠልጥሎ ፕላጉን እንዳይጎትት በግድግዳው ላይ ማረፊያ ይበጅለት።

መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ይቀመጣል፤ መሥራት ግን የለበትም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ በሩ ገርበብ ማለቱም አያድንም። ሌላው አደጋ ከግቢው ውጭ ነው። ሁለቱም ጫፉ ፕላግ የሆነ ገመድ ሠርቶ ጄኔሬተሩን ከጋራዥ ሶኬት ጋር ማገናኘት ኮረንቲውን በቆጣሪው በኩል ወደ መንገዱ መስመር ይልካል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም መልሶ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድገዋል። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ነው የሚነካው። ስለዚህ አንዱ ሲገባ ሌላውን በግድ የሚያስወጣ መቀየሪያ ማብሪያ ከዋናው ሳጥን አጠገብ ይተከላል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ባለሙያው ሳጥኑን ዘግቶ ከመሄዱ በፊት መደረግ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ኧርዙ ይለካል፤ በእያንዳንዱ ሶኬት ፌዝና ኒውትራል ቦታቸውን መያዛቸው፣ ኧርዙም በእርግጥ መድረሱ በመለኪያ ይታያል፤ የትኛው ብሬከር የትኛውን መስመር እንደሚይዝ በሳጥኑ ክዳን ላይ በአማርኛ ይጻፋል። በዱሮ ቤት የሽቦ ቀለም ማመን አይቻልም፤ አሁን ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ኧርዝ ነው ቢባልም ከዚያ በፊት የተዘረጋው እንደ ሠሪው ይለያያል። ከዚያ በኋላ የባለቤቱ ድርሻ ጥቂት ነው። በየወሩ በአርሲዲው ላይ ያለችውን የሙከራ ቁልፍ ተጭኖ መቁረጡን ያያል፤ ካልቆረጠ ያስቀይረዋል። በየዓመቱ ደግሞ ዋናው ከጠፋ በኋላ ባለሙያ የሳጥኑን ብሎኖች መልሶ ያጠብቃቸዋል፤ በየዕለቱ የሚግልና የሚቀዘቅዝ መዳብ ቀስ በቀስ ያላላቸዋልና፣ የምጣዱና የቻርጀሩ ብሎኖች ከሁሉ ቀድመው ይላላሉ።